ነጠላዬ ላይ የተነሣው እግር

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ዓረፋ በዋለ በሳምንቱ፣ ቆቦ ኳስ ሜዳ ላይ ነው። ሰው አልሞተበትም፤ ጥይትም አልተተኮሰበትም። ቢሆንም እስከ ዛሬ እንቅልፍ ስለሚነሣኝ ልጻፈው አልኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ስህተት ካለ አንባቢ ያቅናልኝ፤ ነገሩ ግን ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት እንዲህ ነው።

እኛ ጋ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከከተማው ዳር የሰፈሩት ወታደሮችና የከተማው ፖሊሶች ኳስ ይጋጠማሉ። ከዋጃም ከሮቢትም ሰው ይመጣል። ሁለቱም ወገን መሣሪያውን እንዳነገተ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ለሠርግና ለእርቅ እንደምናደርገው፣ ጨዋታው ሳይጀመር መሣሪያው ሁሉ ለአንዲት አሮጊት ይሰጣል። አሮጊቷ ነጠላዋን ታለብሰዋለች። ጨዋታው አልቆ እጅ ለእጅ ሳይጨባበጡ ነጠላው አይነሣም። የእናት ነጠላ ደግሞ አይረገጥም። የረገጠ ሰው እናቱን እንደረገጠ ይቆጠራል፤ ከማዕዱ የሚያስቀርበው አይኖርም።

ያ ሥራ የእኔ ነው። ትልቁ ልጄ ሰይድ ፖሊስ ነው፤ ታናሹ ያሲን ወታደር ነው። «ሐዋ ለማንም አታደላም» ብለው መረጡኝ። እውነታቸውን ነው። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ አንድ ሙዝ እንኳ በክር ለክቼ ነበር የማካፍላቸው።

የዚያን ቀን ከጎሉ ጀርባ ካለችው የቁርቁራ ዛፍ ሥር መሣሪያውን ከምሬ፣ ነጠላዬን አልብሼ ጫፉ ላይ ተቀምጫለሁ። ሰይድ የፖሊሶቹ በረኛ ስለሆነ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል።

«እማ፣ ዱዓ አድርጊልኝ እንጂ!» ይለኛል።

«ለሁለታችሁም አድርጌያለሁ። ይልቅ ዓይንህን ኳሷ ላይ አድርግ!»

አንድ ለአንድ ሆነው ሊያልቅ ሲል ያሲን በግራ በኩል መጥቶ መታት። ኳሷ መስመሩን አልፋ ገባች። ጎሉ መረብ የለውም። ሰይድ ተወርውሮ ከውስጥ መልሶ አወጣት። ዳኛው ርቆ ስለነበር አላየም። ወታደሩ «ገብታለች!» ፖሊሱ «አልገባችም!» ሆነ። ዳኛው ላቡን እየጠረገ ወደ እኔ መጣ።

«እማማ ሐዋ፣ ቅርብ ያሉት እርስዎ ነዎት። ገብታለች?»

ሰይድ ዞሮ አየኝ። ዓይኑ ይለምነኛል።

«ገብታለች» አልኩ። «ልጄ ከውስጥ ነው ያወጣት።»

አንዱ ወታደር ሳቀ። «እናቱ እንኳ ሌባ አለችው!» አለ። እኔ ሌባ አላልኩም። ሰይድ ግን ሄዶ በቡጢ አፉን አለው። ከዚያ ሜዳው ተደበላለቀ። ሰይድ ወድቆ ሰው ከላዩ ሲነባበርበት አየሁ፤ ከዚያ አቧራው ጋረደኝ።

ከአቧራው ውስጥ ያሲን ወደ እኔ እየሮጠ ወጣ። ማሊያው ተቀዷል፤ ከንፈሩ ይደማል።

«እማ፣ ተነሽ!»

«ምን ልትሆን?»

«መሣሪያዬን ስጪኝ!»

«ላንተ ከሰጠሁ ለወንድምህም ልሰጥ ነው። ለማንም የለም።»

«ወላሂ እማ፣ ጊዜ የለም! ተነሽ ስልሽ!»

«መውሰድ ካሻህ ረግጠህ ውሰድ» አልኩት።

እግሩን አነሣ። ከጫማው ሥር አፈር እየረገፈ ነጠላዬ ላይ ሲወርድ አየሁ። ቀና ብዬ ፊቱን ሳይ አላወቅሁትም። ጡቴን ያጠባሁት ልጅ ፊት አልነበረም። እግሩ እንደተንጠለጠለ ቆየ። እኔም ያንን እግር ብቻ ሳይ ቆየሁ።

ከዚያ ወደ ኋላው መለሰው። ተንበርክኮ ግንባሩን ጉልበቴ ላይ ደፋ።

ሽማግሌዎች መሐል ገብተው ጠቡ በረደ። ጎሉ ጸደቀ፤ ፖሊሶቹ እያጉረመረሙም ቢሆን ተጨባበጡ። ነጠላዬን አንሥቼ መሣሪያውን ለየባለቤቱ መለስኩ። ለልጆቼ በመጨረሻ፣ ለሁለቱም እኩል፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ እጄ ሰጠኋቸው።

ሰይድ እስከ ዛሬ «ወንድሜ እኔን ሊገል ነበር የመጣው» ይላል። ሚስቱ ደግሞ «አንተን ከሚረግጡህ ሰዎች ሊያስጥልህ ነው እንጂ» ትለዋለች። እኔ ከአቧራው ወዲያ የሆነውን ስላላየሁ አልፈርድም። ያላየሁትን መስክሬ አላውቅም።

አንድ ቀን ያሲን ብቻውን ሲመጣ አስቀምጬ ጠየቅሁት።

«ያን ቀን መሣሪያውን የፈለግኸው ወንድምህን ልታድንበት ነው፣ ወይስ ልትገድልበት?»

«እኔ እንጃ፣ እማ» አለኝ። «እኔም ራሴን የምጠይቀው እሱን ነው።»

ቢዋሸኝ ይሻል ነበር። «ላድነው ነበር» ቢለኝ አምኜው እተኛ ነበር።

ዛሬም ዳኛው ቢጠይቀኝ ኳሷ ገብታለች እላለሁ። በእሱ አልጸጸትም። ልጆቼም ለዒድ ቤቴ ይመጣሉ፤ ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ ይስቃሉም። ያሲን ውኃ ሊጠጣ እንኳ ሲነሣ ግን ሰይድ አብሮት ይነሣል። እኔም እነሣለሁ።