ባርኔጣዬን ያነሳሁበት እሑድ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ የምነግራቸው ሌላ ሌላውን ነው፤ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ መጠጥ ማብዛቴን። እሳቸው ስግደት ያዙልኛል፣ እሰግዳለሁ። ትንንሹን ኃጢአት እየተናዘዙ ትልቁን ደብቆ ማቆየት እንደሚቻል ያወቅኩት እንዲህ ስል ነው። የሰው ጥፋት እየለቀምኩ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ብዙ አንብቤአለሁ፤ ሰዎች በደላቸውን እንዴት አሳምረው እንደሚናገሩም አውቃለሁ። ስለዚህ አንባቢዬ፣ እዚህ ውስጥ ያማረ ዐረፍተ ነገር ካገኘህ እሱን አትመነው።

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደጋው በኩል ሲወጣ፣ ወንዙ ላይ መብራት የሚያመነጭ አነስተኛ ግድብ አለ። ከግድቡ በታች ወንዙ ይሰፋል፤ አሸዋው ንጹሕ ነው፣ ትልቅ ሾላም አለ። ሙቀቱ ሲበረታ የከተማው ሰው እሑድ እሑድ ወደዚያ ይወርዳል። ይዋኛል፣ ሥጋ ይጠብሳል፣ ባለ ባጃጁ ባጃጁን ያጥባል። ግድቡ ሲሞላ ግን በሩ ይከፈታል፤ ያኔ ደረቅ የነበረው አሸዋ በደቂቃዎች ውስጥ ሰው የሚወስድ ውሃ ይሆናል። ግድቡ ላይ ሳይረን ተሰቅሏል። መካከል ያለው ጉብታ ድምፁን ይውጠዋል።

ስለዚህ ማስጠንቀቁ የጋሽ እንድሪስ ሥራ ነበር። ጋሽ እንድሪስ የግድቡ ጥበቃ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጺማቸውን ሂና የሚቀቡ ሽማግሌ። በሩ ከመከፈቱ በፊት ጉብታው ላይ ይወጡና አፋቸውን በሁለት እጃቸው ከልለው ይጣራሉ፦ «ውሃ መጣ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ድምፃቸው ሾላው ድረስ ይደርሳል። ከሾላው ወዲያ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ግን አይደርስም። ሾላው ሥር ያለ ሰው ጥሪውን ተቀብሎ ወደ መታጠፊያው ይጮኻል። መቀበሉን ለማሳወቅ ደግሞ ያለውን ነገር ከራሱ በላይ ከፍ ያደርጋል፤ ሻሽ ቢሆን፣ ዱላ ቢሆን። ጋሽ እንድሪስ ያንን ሲያዩ ቀይ ጨርቃቸውን ወደ ግድቡ ያውለበልባሉ፤ በሩም ይከፈታል። ምልክት ካላዩ በሩ አይከፈትም፤ በእግራቸው እስከ መታጠፊያው ይወርዳሉ። ይህን ደንብ ማንም አልጻፈውም። የቆላው ሰው ደጋ ላይ ሲዘንብና ጎርፍ ሲመጣ ድሮም እንዲህ ነበር የሚነጋገረው።

እኔ ግን ጻፍኩበት። አንድ መጽሔት ላይ፣ «የኤሌክትሪክ ማመንጫችን የሚሠራው በጉሮሮ ነው» ብዬ አሾፍኩ። ጋሽ እንድሪስን ደመወዝተኛ የገደል ማሚቶ አልኳቸው። ሰው ሳቀ። ሥልጣኔን የምናፍቅ መስዬ ሳቅን ነበር የምናፍቀው። ከሳምንት በኋላ ገበያ ውስጥ አገኙኝ።

«አንተ፣ ማሚቶ ነው ያልከኝ?» አሉ። «ማሚቶ እኮ መጀመሪያ የሚጮህ ሰው ይፈልጋል። የምጮኸው እኔ ነኝ፤ ማሚቶው አንተ ነህ።» እጄን ጨብጠው፣ እየሳቁ ሄዱ።

በዚያው ዓመት አንድ እሑድ ሦስት ጓደኞቼ ከአዲስ አበባ መጡ። ሾላው ሥር ምንጣፍ ዘረጋን። ከመካከላቸው አንዱ ያንን ጽሑፌን በቃሉ እየጠቀሰ ያስቀን ነበር። እኩለ ቀን ላይ ጋሽ እንድሪስ ጉብታው ላይ ብቅ አሉ። ተጣሩ።

«የገደል ማሚቶህ መጣልህ» አለ ጓደኛዬ።

ተነሳሁ። ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ከራሴ በላይ አነሳሁና እንደ ቴአትር ተዋናይ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ሦስቱም በሳቅ ፈነዱ። ቀና ስል ቀዩ ጨርቅ ጉብታው ላይ ሲውለበለብ አየሁ።

አላወቅኩም ማለት እችላለሁ? አልችልም። እኔ የዚያው ወንዝ ልጅ ነኝ። ከራስ በላይ የተነሳ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ጽሑፌ ውስጥ በዝርዝር አስረድቼ፣ በዝርዝሩም አሹፌበታለሁ። ባርኔጣዬን ያነሳሁት ለቀልድ ነው፤ ግድቡን ግን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ይህን ሳውቅ ምን አደረግሁ? «ተነሱ፣ ከአሸዋው እንውጣ» አልኳቸው። ሥጋውን አወጣሁ። ቢራውን አወጣሁ። ምንጣፉን አራግፌ ጠቀለልኩ። የምንጣፉን አሸዋ ለማራገፍ ጊዜ የነበረው ሰው ለመጮህ ጊዜ አጣ?

ከመታጠፊያው ወዲያ ዘፈን ይሰማ ነበር። የባጃጅ ቴፕ መሆኑን አውቄአለሁ። አንድ ሰው እዚያ ባጃጁን እያጠበ እንደሆነ አውቄአለሁ። ከእኔ የሚጠበቀው ሁለት ቃል ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት። ለምን? አፍሬ ነው። በጽሑፍ የቀለድኩበትን ጩኸት በእንግዶቼ ፊት መጮህ አፈርኩ። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላጣም፤ ምክንያት መፈለግ ሙያዬ ነው። እውነቱ ግን ይኸው ነው፤ ሰው ከሚስቅብኝ ሰው ይሙት ብዬ ዝም አልኩ። ያኔ በነዚህ ቃላት አላሰብኩትም። ሥራዬ ግን በነዚህ ቃላት ነው የሚነበበው።

ውሃው መጣ። ዘፈኑ ተቋረጠ።

ሟቹ ታደለ ይባላል። የእትዬ አሰለፈች አንድ ልጅ ነበር። ባጃጁን ልጎትት ሲል ነው የተወሰደው ተባለ። እኔም ለጥቂት ጊዜ በዚህ ተጽናናሁ፤ ባጃጁን ቢተወው ይተርፍ ነበር እያልኩ። የሞተ ሰው ላይ ጥፋት መጫን ቀላል ነው፤ አይከራከርም።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። እንግዶቼ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል፤ ያዩት ነገር ምን እንደነበረም አልገባቸውም። ለምስክርነት የተጠራሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጋሽ እንድሪስ ቀድመው ቃላቸውን ሰጥተው ነበር፦ ተጣርቻለሁ፣ ሾላው ሥር ባርኔጣ ያደረገ ሰው ምልክት ሰጥቶኛል፣ እሱ ይመስለኛል ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ጥሪ ሰምተሃል?» አለኝ ሰብሳቢው።

«አልሰማሁም» አልኩ።

«ባርኔጣ አድርገህ ነበር?»

«በዚያ ፀሐይ ባርኔጣ ያላደረገ ማን አለ?»

ኮሚቴው ሳቀ። ዛሬም ድረስ ያ ሳቅ ይሰማኛል፤ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ያኔ ደስ ማለቱ ነው። ሰምቻለሁ ብል ቀጣዩ ጥያቄ «ላልሰማውስ አሰማህ?» ነው። እሱን ላለመመለስ ስል የአንድን ሽማግሌ አፍ ዘጋሁ። የተማርኩ ነኝ፣ እሳቸው ዓይናቸው ደክሟል ሊባሉ የሚችሉ ሽማግሌ ናቸው። ማንን ያምናሉ?

ጋሽ እንድሪስ ከሥራቸው ተባረሩ። ያ ብቻ ቢሆን። ጥላ ሥር ተኝቶ ሰው ያስገደለ ተባሉ። እትዬ አሰለፈች መንገድ ላይ ባገኟቸው ቁጥር «ጉሮሮህን ይዝጋው» እያሉ ይረግሟቸው ነበር። ያ እርግማን ሲወርድባቸው እኔ ብዙ ጊዜ በአጠገባቸው ቆሜአለሁ። በመጨረሻ ጋሽ እንድሪስ ዕቃቸውን ጠቅልለው ካራቆሬ ልጃቸው ቤት ገቡ።

አሁን የባሰውን ልንገርህ። አራት ክረምት ካለፈ በኋላ፣ ታመዋል ሲባል ልጠይቃቸው ካራቆሬ ሄድኩ። በእኛ ቆላ ሰው ሲታመም ወይም ረመዳን ሲቃረብ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም «አፉ በለኝ»፣ ይቅር በለኝ፣ ይባባላል። በደሉ ምን እንደሆነ አይጠየቅም፤ ደንቡ ነው። እኔም ይህን ደንብ አስቤ ነው የሄድኩት። በር ላይ ልጃቸው ተቀበለችኝ። አባቷ ከዚያ ወዲህ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደማያውቅ ነገረችኝ፤ ፍየል ስትጠፋ እንኳ ዞሮ ይፈልጋታል እንጂ አይጠራትም አለች።

«አፉ ይበሉኝ፣ ጋሽ እንድሪስ» አልኳቸው።

«ምን በድለኸኝ? ማሚቶ ስላልከኝ ነው?»

«እሱም አለበት። የማላስታውሰውም ይኖራል።»

«አፉ ብያለሁ። አላህም አፉ ይበልህ» አሉ። ቀጥለው እጄን ያዙኝ። «አንተም አፉ በለኝ። ያኔ በሰው ፊት ወዳንተ ጠቁሜ ስምህን አነሳሁ። ዓይኔ ይሆናል።»

አንባቢዬ፣ ምን ያልኩ ይመስልሃል?

«አፉ ብያለሁ» አልኳቸው።

ስለዚህ የያዝኩት ይቅርታ የተሰረቀ ነው። ሰው የማያውቀውን በደል እንዴት ይቅር ይላል? የሰጠሁት ይቅርታ ደግሞ ከሰረቅኩት የከፋ ነው፤ ሽማግሌው በዓይናቸው ያዩትን እውነት እንዲጠራጠሩ አድርጌ፣ ለጥርጣሬአቸው ይቅርታ ሰጠኋቸው። ጋሽ እንድሪስ ያን ቀን ተጣርተዋል። ዓይናቸውም ጤነኛ ነበር።

እዚህ ድረስ ከጻፍኩ በኋላ ብዕሬን አስቀመጥኩ። መጽሔት ላይ አትሞ ደረትን መንፋትም ያው የድሮው ልማዴ መሰለኝ። ወረቀቱን ይዤ እትዬ አሰለፈች ቤት ሄድኩና ከመጀመሪያው እስከዚህ አነበብኩላቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ባርኔጣህን ካነሳህ በኋላ ውሃው እስኪደርስ ስንት ጊዜ ነበረ?»

ይህን ወረቀቱ ላይ አልጻፍኩትም ነበር። እየተናዘዝኩም ዘልዬዋለሁ።

«ዕቃውን ካወጣሁ በኋላ ሲጋራ ለኩሼ ነበር» አልኳቸው። «ልጨርሰው ጥቂት ሲቀረኝ ነው የደረሰው።»

«ይበቃ ነበር» አሉ።

ቀጥለው ተነሡና ነጠላቸውን ከመደቡ ላይ አነሱ።

«የካራቆሬ መኪና አሁን ይገኛል?»

«ይገኛል፣ እትዬ። እኔ አደርስዎታለሁ።»

«እኔ አፉ በሉኝ የምለው ሰው አለኝ» አሉ በሩን እየከፈቱ። «አንተ ቅር።»

ቀረሁ።