እፍ በይብኝ

ታላቅ እህቴ ከሥራ ስትመለስ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ መጀመሪያ የምታደርገው እማዬ ወንበር ፊት መጎንበስ ነው። እማዬ ጉንጮቿን በሁለት እጇ ትይዝና «እፍ በይብኝ» ትላታለች። እህቴ እፍ ትላለች። እማዬ ትንሽ ትቆይና «ጎሽ፣ ግቢ» ትላታለች። ጎረቤት ይህን ሲያይ ምርቃት ይመስለዋል። ምርቃት አይደለም፤ ፍተሻ ነው።

እህቴ ጠጪ ነበረች። ነገር ማሽሞንሞን አልወድም፣ ጠጪ ነበረች። ላውንደሪ ቤት ልብስ ስትተኩስ የካውያውን ውሃ መርጫ አረቄ ትሞላው ነበር። አንዴ ሸሚዙን፣ አንዴ አፏን። የሰፈሩ ሸሚዝ ሁሉ ሰክሮ ነው የሚወጣው ይባል ነበር። በኋላ ሥራውም ትዳሩም ሄደና እኛ ቤት መጣች። ከማገገሚያ የወጣች ዕለት እማዬ በሩ ላይ አቁማ ቃሏን ነገረቻት። «ከዛሬ ጀምሮ ትንፋሽሽን አሸታለሁ። አንድ ቀን ከሸተተኝ አላባርርሽም። ከዚህ ቤት የምወጣው እኔ ነኝ» አለቻት። እማዬ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት፤ አባታችንንም በመጠጥ የተነሳ ትታው የወጣችው ልክ እንደዚህ ብላ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። አሁን እህቴ ጤና ጣቢያው የሱስ ክፍል ውስጥ አቻ ደጋፊ ናት፤ ደረቷ ላይ የሚንጠለጠለው መታወቂያ እንደዚያ ይላል። ሐኪሙ መድኃኒት ያዛል፣ እሷ ደግሞ በዚያው መንገድ ያለፈች ስለሆነች ከታካሚዎቹ አጠገብ ትቀመጣለች። ሰው በተማረው ይቀጠራል፣ አንቺ በጠጣሽው ተቀጠርሽ እያልኩ አበሽቃታለሁ። ድሮ ትስቅ ነበር። አሁን ለመሳቅም አቅም የላትም። ስልኳ ምሳ ላይ ይጮኻል፣ መታጠቢያ ቤት ይጮኻል። ተነሳ ያለችው ሰው ወር ሳይሞላው ወድቆ ይገኛል፣ እንደገና ሄዳ ታነሳዋለች። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው እላታለሁ።

«እኔንስ ስንቴ ወቀጡኝ?» ትለኛለች፣ ከነጫማዋ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ። ወዲያው እንቅልፍ ይወስዳታል።

ከእማዬ ጋር ቁጭ ብላ ማውራት ከቀረች ቆይቷል። እማዬ ምንም አትልም። እኔን ግን ያናድደኛል፣ ንዴቴንም በስፌት መኪናዬ ላይ እወጣዋለሁ።

ያን ሰሞን ደግሞ ከእማዬ ጋር ተኮራርፈን ነበር። ወተት ጥጄ፣ ጠብቂልኝ ብያት ሱቅ ደርሼ ስመለስ፣ የከሰለው ወተት ክርፋቱ ደጅ ድረስ ተቀበለኝ። እሷ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ ሬዲዮ ትሰማለች። «መቼ ገነፈለ?» አለችኝ። ጥፋቱ የዚያ ሬዲዮ ነው አልኩ በልቤ።

አሁን የምነግራችሁን የነገረኝ እህቴ ከምትደግፋቸው አንዱ የሆነ አናጢ ነው፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ የቤታችንን በር ሊጠግን ሲመጣ። እህቴ የሰው ቤት ያየችውን ይዛ ቤቷ አትገባም፤ እስከ ዛሬም አልተነፈሰችም።

የደወለችላት የአናጢው ሚስት ናት። «እህቴ፣ ባሌ እንደገና መጠጣት ጀምሯል። የሥራ ክፍሉ ውስጥ ነው የሚደብቀው፤ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ነይና አውጪልኝ። ዛሬ ካልተገኘ ልጆቼን ይዤ እናቴ ጋ መሄዴ ነው» አለቻት።

እህቴ ሄደች። ክፍሉ ሰጋቱራ በሰጋቱራ ነው። አናጢው ያላለቀ ቁም ሳጥን ተደግፎ ቆሟል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። መደርደሪያው ላይ የቫርኒሽ ቆርቆሮዎች አሉ። የሁሉም አፍ በደረቀ ቫርኒሽ ተለስኗል፤ የአንዱ ብቻ ንጹሕ ነው። እህቴ ገና ስትገባ አየችው። አናጢውም እንዳየችው አወቀ።

«አገኘሽው?» አለች ሚስቱ ከበሩ ላይ።

«እኔ ፖሊስ አይደለሁም፣ የኔ እህት» አለችና በርጩማ ስባ ጀርባዋን ለመደርደሪያው ሰጥታ ተቀመጠች።

«ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

እህቴ ወደ አናጢው ዞረች። ስለ ካውያው ውሃ መርጫ ታወራለት ጀመር። እማዬ አንድ ቀን መርጫውን አግኝታ ሰው ፊት ስትደፋባት፣ በማግሥቱ የተሻለ መደበቂያ እንዳገኘች ነገረችው። «ሌላ ሰው ያወጣው ጠርሙስ ተመልሶ ይገባል» አለችው። አናጢው በሰካራሞቹ ሸሚዞች ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነበት። ከዚያ ያንን አፉ ንጹሕ የሆነውን ቆርቆሮ ራሱ አወረደው። ክዳኑን በካቻቢቴ ሲፈለቅቅ እጁ አልታዘዝ አለው፣ ቆርቆሮው አመለጠውና ውስጡ የነበረው አረቄ ሁሉ እህቴ ጭን ላይ ተደፋ።

«እኔ ከተውኩት ቆየሁ፤ ቀሚሴ ግን ዛሬ ጀመረ» አለች አሉ።

እንደዚያ የሚንቀጠቀጥ ሰው ብቻውን ላቁም ቢል ሊሞት ስለሚችል፣ ከሚስቱ ጋር ሆነው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ሐኪሙ እስኪያስተኛው አጠገቡ ነበረች። ልብስ የምትቀይርበት ጊዜ አላገኘችም። ስትመለስ አውቶቡስ ላይ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም።

እኔ ያኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። አመሻሽ ላይ በሩን ስከፍትላት ሽታው ቀድሟት ገባ።

«እታለም! ጠጣሽ?»

«አልጠጣሁም።»

«ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?»

«ሥራ ነው» አለች።

ልመናት አልመናት አላውቅም ነበር። ብቻ ቀሚሷን ያዝኩና «እዚሁ አውልቂው፣ የእኔን ልበሺ። ከሸተታት እኮ ትሄዳለች!» አልኳት በሹክሹክታ። ቆም ብላ አየችኝ። እንዲያ ደክሟት አይቻት አላውቅም።

«ደብቆ መግባት ትቻለሁ» አለችና አልፋኝ ገባች።

እማዬ ወንበሯ ላይ ናት። እህቴ ወገቧን በአንድ እጇ ደግፋ ጎነበሰች።

«እፍ በይብኝ።»

እፍ አለች። እኔ አልጋው ሥር ያለው የእማዬ ሻንጣ ታየኝ። እማዬ ከወትሮው አቆይታ ጉንጮቿን ያዘቻት።

«ጎሽ፣ ግቢ።»

አላስቻለኝም። «እማዬ! ቤቱ በሙሉ አረቄ አረቄ ይላል እኮ! አይሸትሽም?»

እማዬ መጀመሪያ ልትቆጣኝ ነበር። ከዚያ እንደተነቃበት ሰው ፈገግ አለች። «አፍንጫዬ ከሞተ ቆየ፣ ልጄ። ያ ክፉ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ ሽቶም ሽንኩርትም አንድ ነው።»

የከሰለው ወተት ትዝ አለኝ፤ አፈርኩ።

እህቴ እንደጎነበሰች ቀረች። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምኑን ነው የምታሸቺው? ወገቤ እኮ አለቀ!»

«ካልጎነበስሽ ፊትሽን መቼ አየዋለሁ?» አለቻት እማዬ።

እህቴ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ራሷን እማዬ ጉልበት ላይ ጣለችና አለቀሰች። ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ መጮህ ጀመረ። ሦስታችንም ሰማነው።

«አንሺው» አለቻት እማዬ፣ ፀጉሯን እየዳበሰች። «ግን እዚሁ ሆነሽ አውሪ።»