ስርጉት ሊኑክስ የጫነችበት ሰሞን

ቢቸና ውስጥ ስርጉትን የማያውቅ ካለ እንግዳ ነው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ ከወጣች በኋላ ደግሞ እቤቷ ቁጭ ብላ የሠርግ ካርድ፣ የተዝካር መጥሪያ፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻ ትጽፋለች። ኮምፒውተሯ ሳሎናችን ውስጥ መስኮቱ ሥር ናት። አሮጌ ናት፤ ስትነሳ እንደ ድሮው አይሱዙዬ ታጓራለች። እኔ ባሏ ከፋለ ነኝ፣ ከደጀን ሞጣ ስመላለስ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሾፌር። ስለ ሚስቴ ማውራት ስጀምር ሰዉ "ጀመረው ደግሞ!" ይለኛል። ይበሉኝ! የምኮራበት ነገር እያለኝ አፌን የምይዝ ሰው አይደለሁም።

አባቴ የኔታ ገብረ ክርስቶስ የቅኔ መምህር ናቸው። ከየጁቤ፣ ከግንደወይን፣ ከየት ከየት ተማሪ ይመጣላቸው ነበር። ሰው ደህና ቅኔ ሲሰማ "ይበል!" ይላል፤ ተቀኚውን ማመስገኛ ናት። በዚህች ቃል ላይ እንደ አባቴ ያለ ስስታም አልታየም። ዓመት ሙሉ እግራቸው ሥር የተቀመጠ ተማሪ አንዲት "ይበል" ሳይሰማ ሊመለስ ይችላል። ለራሳቸው ቅኔማ ከቶ አይሏትም፤ ለራስ ማለት ነውር ነው። ሦስት ወንድ ልጆች ወለዱ፤ ሁለቱ እርሻና ንግድ ያዙ፣ እኔ መሪ ጨበጥኩ። ቅኔያቸውን የተቀበለ ከመካከላችን አንድም የለ።

ዓይናቸው ሲጠፋ ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። አንድ ቀን ስርጉት፣ "አባቴ፣ ቅኔዎን ይንገሩኝና ልጻፈው፤ መጽሐፍ ይሁን" አለቻቸው። እኔ ሳቅኩ። የግእዝ ነገር ከቅዳሴ አልፋ የማታውቅ ሴት! እሳቸው ግን አልሳቁም። "እንግዲያው መጀመሪያ መልሽልኝ" አሉ። ይነግሯታል፤ እሷ ሳትሳሳት በቃሏ ትመልሳለች፤ ከዚያ በፊት የኮምፒውተሩን ቁልፍ መንካት የለም። አንዲት ፊደል ከዘለለች እንደገና ከመጀመሪያው። ይህ ነገር ዓመታት ወሰደ። ኋላ ኋላማ እሷው አቋርጣ፣ "አባቴ፣ ትናንት እንዲህ አላሉም እኮ" ማለት ጀመረች። እሳቸውም ያስቡና "ልክ ነሽ" ይላሉ። የኔታን እንዲህ ሊናገር የደፈረ ሰው በሕይወቴ አላየሁም።

ሥራው አልቆ ማተሚያ ቤት ለመላክ ስንዘጋጅ አባቴን መርሳት ያዛቸው። በመጀመሪያ የሰው ስም ነበር የሚጠፋባቸው። ቀጥሎ እኔን በወንድሜ ስም ይጠሩኝ ጀመር። ይሁን፣ ሽማግሌ ናቸው አልን።

ኮምፒውተሯ የታመመችው ልክ ያን ጊዜ ነው። ደንበኛ ሁሉ የየራሱን ፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ፍላሹ ደግሞ ቫይረሱን ይዞ ይመጣል። አንድ ጠዋት አልነሳም አለች። ጥቁር ስክሪን፣ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቃ። ስርጉት ፍላሽ ላይ ያስቀመጠችው ቅጂ ነበር፤ እሱም ሲታይ ባዶ ሆኗል። ባጃጅ ላይ ጭነን ጠጋኝ ጋ ወሰድናት። ልጁ አገላብጦ አያትና፣ "ፎርማት መደረግ አለባት፣ ሌላ መላ አላውቅላትም። ውስጧ ያለው ግን ይጠፋል" አለ። እግዜር ይስጠው፣ አልዋሸንም።

"እጅህን አንሳልኝ ልጄ" አለችው ስርጉት፣ ኮምፒውተሯን እያቀፈች።

እቤት ስንገባ አባቴ አጠገብ ቁጭ አለች። "አባቴ፣ እስቲ ያችን የመስቀሏን ቅኔ ይንገሩኝ" አለች፣ እንደ ዋዛ አድርጋ። አባቴ የጋቢያቸውን ጥለት በጣታቸው እያሻሹ ብዙ ቆዩ። "የቱን ቅኔ?" አሉ። ስርጉት ዓይኔን አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ቅኔው ከአባቴ ጭንቅላት ወጥቷል፤ ያለው እዚያች ሞታ በተቀመጠች ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። 

የስርጉት የአክስቷ ልጅ ሀይማኖት ሞጣ የኮምፒውተር መምህርት ናት። ደወልንላት። "ማንም ፎርማት እንዳያደርገው! የምሰጥሽ ነገር አለኝ፣ ነይ" ብላ ሳትጨርስ ስልኩ ተቆረጠ። ያን ሰሞን ዳታ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ኢንተርኔት ላይ ገብቶ መፈለግ የለም፣ ቪዲዮ ማየት የለም። አባቴን ለጎረቤት አደራ ብለን አውቶቡስ ተሳፈርን። እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ ሾፌሩን በሆዴ ስሰድበው ሄድኩ። ከዚያ በኋላ በአፌ ሆነ፤ ስርጉት በክርኗ ጎሸመችኝ።

ሀይማኖት ቡና ሳትል ምን ሳትል አንዲት ፍላሽ አወጣች። "ይሄ ሊኑክስ ነው። ዊንዶውስን የሚተካ ሌላ ሲስተም በይው። ኮምፒውተሩ የራሱን ዲስክ ሳይነካ ከዚህ ፍላሽ ላይ ይነሳል። ያኔ ገብተሽ ጽሑፍሽን ታወጫለሽ፤ ከዚያ በዊንዶውሱ ፋንታ ዲስኩ ላይ ትጭኚዋለሽ።"

"ሞተሩ እንቢ ያለ መኪናን በሌላ መኪና ጎትቶ ጋራዥ እንደማድረስ ነው" አልኩ።

"ጎሽ! እንደዚያ ነው" አለችኝ። አስተማሪ ካመሰገነኝ ስንት ዘመኔ!

ራሷ ኮምፒውተር ላይ አሳየቻትና፣ "ቅደም ተከተሉን ልጻፍልሽ" ብላ ወረቀት አነሳች። ስርጉት ግን፣ "ተይው፤ ንገሪኝና ልመልስልሽ" አለች። ሀይማኖት ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። "አባቴ እንዲህ አድርገው ነው ያበላሿት" አልኳት። ነገረቻት፣ መለሰች። ተሳሳተች፣ ከመጀመሪያው ጀመረች። ሳትደናቀፍ እስክትጨርሰው ድረስ አልተነሳንም። ስንወጣ ሀይማኖት ሌላ ትልቅ ባዶ ፍላሽ ጨመረችልን፣ ጽሑፉ የሚወጣበት።

ስንመለስ ስርጉት መንገዱን ሙሉ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነበር። አጠገቧ የተቀመጡ እናት በአክብሮት ጎንበስ ብለው፣ "እናቴ፣ ውዳሴ ማርያም ነው የሚደግሙት?" አሏት።

"አይ፣ ኮምፒውተር ነው" አለቻቸው። ሴትዮዋ አማተቡ።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴን በረንዳው ላይ ፀሐይ እንዲሞቁ አስቀምጠን ሥራ ጀመርን። ፍላሹን ሰካች፣ አስነሳች። ያች ኮምፒውተር አጓርታ አጓርታ ስክሪኗ በራ! ሰማያዊ ነገር፣ የማናውቀው ምልክት፣ ግን ሕይወት ያለው ነገር። ስርጉት ዲስኩን ከፈተችው። ማኅደሮቹ በሙሉ እንዳሉ ናቸው፤ የአባቴም ቅኔ አለ። እኔ ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። መገልበጥ ጀመረች። ግማሽ ላይ ስንደርስ መብራት ድርግም! የመብራቱን ሰዎች ዘር ማንዘራቸውን አነሳሁ፤ እሷ እቴ፣ ፈገግ ብላ "ዲስኩን አልነካንም፤ ሲመጣ እንቀጥላለን" አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ያዘች። እኔ ሳልተኛ አደርኩ፣ እሷ ታንኮራፋለች።

በሚቀጥለው ቀን መብራቱ መጣ፤ ግልበጣው አለቀ። ጽሑፉ ሁሉ ፍላሹ ላይ ሰፈረ። አሁን የቀረው የታመመውን ሲስተም አጥፍቶ ሊኑክሱን መጫን ነው። አንዴ ከተጫነ ደግሞ አሮጌው ዲስክ ላይ የነበረው ሁሉ ሄደ ማለት ነው።

"በይ ጫኚው!" አልኳት። "ምን ትጠብቂያለሽ?"

"ቆይ። ልንገርህና ስማኝ።"

"አሁን ቅኔ ቤት ነን እንዴ? መብራቱ ሳይሄድ ጫኚው እንጂ!"

"አንተ ሰውዬ፣ ስማኝ አልኩህ!" ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ልክ አባቴ ፊት እንደምትመልሰው፣ ዓይኗን ጨፍና። "ፍላሹን ሰክቼ አስነሳለሁ። ከዲስኩ ሳይሆን ከፍላሹ እንዲነሳ አዝዛለሁ። 'ሞክር' የሚለውን እንጂ 'ጫን' የሚለውን አልነካም። ዲስኩን እከፍታለሁ። ጽሑፉን አወጣለሁ። ፊደሉን አወጣለሁ..."

ቆመች። ዓይኗን ገለጠች። "ከፌ፣ ፊደሉን አላወጣሁም!"

ምን እንደሆነ አልገባኝም። ከፈተችና አሳየችኝ። የአባቴ ቅኔ ገጽ በገጽ አለ፤ ግን ግእዝ የለበትም። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ነጥብ፣ ቅንፍ፣ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነው። ለካ የተጻፈው በድሮ የኮምፒውተር የአማርኛ ፊደል፣ ፎንት በሚሉት ነው፤ ያ ፊደል ራሱን የቻለ ፋይል ሆኖ ዲስኩ ውስጥ ተቀምጧል፤ እሱ ካልወጣ ጽሑፉን የሚያነበው የለም። እንዲህ ያለውን የድሮ ፊደል ዛሬ ማን ጋ ሄደን እንፈልጋለን? እኔ አይደለሁ "ጫኚው" እያልኩ ስጮህ የነበርኩ!  ስርጉት ዲስኩ ውስጥ ገብታ ፈለገች። አገኘችው። ገለበጠችው። መልሳ ስትከፍተው ያ ዝብርቅርቅ ሁሉ ግእዝ ሆኖ ቁጭ አለ።

"ያወጣሁትን ከፍቼ አነባለሁ። ከዚያ እጭናለሁ" አለች፣ ካቆመችበት ቀጥላ። ከዚያ ጫነች። እኔ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፤ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አልዋሽም፣ የመጀመሪያው ሳምንት ጠብ ነበር። ፊደሎቹ የሚጻፉበት ቁልፍ ተቀያይሮባት ኮምፒውተሯን እንደ ልጅ ስትቆጣት እሰማለሁ። ያን ሰሞን የጻፈችው የሠርግ ካርድ ላይ ሙሽራው ያለ አባት ስም ወጥቶ እንደገና ሠራችው። ከዚያ ግን ለመደቻት። አሁን ደንበኛ "ፍላሼ ባዶ ሆነ" እያለ ሲመጣ ትሰካውና ቫይረሱ የደበቀውን ፋይል ሁሉ አውጥታ ታሳየዋለች። ያ ጠጋኝ ልጅ ራሱ፣ "እማማ፣ ያችን ፍላሽ ልገልብጥ?" ብሎ መጥቶ ነበር። "ልንገርህና መልስልኝ" አለችው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲመልስ ዋለ፤ እኔ ጥግ ይዤ ስስቅ ዋልኩ።

ሊኑክሱን የጫነች ዕለት ግን ሌላ ነገር ሆነ፤ ይህን ሁሉ የማወራውም ስለሱ ነው።

አባቴን ደግፌ አስገባኋቸውና አጠገቧ አስቀመጥኳቸው። ስርጉት የመስቀሏን ቅኔ ከስክሪኑ ላይ አነበበችላቸው። ቀስ ብላ፣ እሳቸው ባስተማሯት ዜማ። አባቴ መጀመሪያ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። መሀል ላይ ቀና አሉ። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መምታት ጀመረ። እንደጨረሰች፣ "ይበል!" አሉ። ጮክ ብለው። "ይበል! ይበል!"

 ልጃቸው ሆኜ አድጌ ቃሏን ከአፋቸው ስትወጣ የሰማሁት በጣት የሚቆጠር ነው፤ እንዲህ ሦስቴ ሲያፈሷትማ አይቼ አላውቅ።

"ሸጋ ቅኔ ነው" አሉ ወደሷ ዞረው። "የማን ነው?"

እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ስርጉት ወንበሯን ወደሳቸው አስጠጋች።

"የእርስዎ ነው፣ አባቴ።"

"የኔ?"

"የእርስዎ። የኔታ ገብረ ክርስቶስ የተቀኙት ነው።"

 ከዚያ ያ ጥርስ የሌለው አፋቸው ቀስ ብሎ ሳቀ። "ታዲያ ጎበዝ ነበርኩ በይኛ!"

"በጣም እንጂ!"

"እኔ ጋ የለም እኮ አሁን" አሉ፣ ግንባራቸውን በጣታቸው እየነኩ። "ማን ያዘልኝ?"

"እኔ ይዤልዎታለሁ።"

እጃቸውን ሰደዱ፣ በዳበሳ ራሷን አገኙት፣ መዳፋቸውን አሳረፉበት። "ይበል" አሉ። ይቺኛዋ ለቅኔው አልነበረችም። ስርጉት እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ እኔም ሾፌሩ አለቀስኩ፣ ምን አባቴ ላድርግ!

መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ነው። አባቴ በየማታው ከእራት በፊት አንድ ቅኔ ይነበብላቸዋል፤ በየማታው "የማን ነው?" ይላሉ፤ ስርጉትም በየማታው ትነግራቸዋለች።