ሂና ውስጥ የገባው ብልቃጥ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው፤ በኢድና በአረፋ መካከል፣ ከሚሴ በሰርግ በምትታመስበት ወቅት። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ያኔ ግን ሳቅ ከየት መጥቶ! ሳላውቀው እጮኛዬን ላጣ አንድ ሐሙስ ነበር የቀረኝ።

የምሠራው ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነው። ሰርጌ ሊደርስ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ ገበያ የቀዘቀዘ ዕለት ስልኬን ስነካካ፣ አንዲት ቆንጆ ልጅ «ቫይታሚን ሲ ቆዳን ያፈካል፣ ጠባሳ ያጠፋል» ስትል አየሁ። ቫይታሚን ሲ ሎሚ ውስጥ እንዳለ ደግሞ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ፊቴ እኮ ምንም አልሆነም ነበር! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። እጮኛዬ ከድር ለሰርጉ ቀን ሲያየኝ እንዲደነግጥ ፈለግኩና ሎሚ ገምሼ ግንባሬንና ጉንጬን አሸሁት።

ፊቴን ሳልታጠብ ለድግሱ የሚሆን ጤፍ ልንገዛ ከአክስቴ ጋር ጨፋ ሮቢት ገበያ ሄድን። የጨፋን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማታ ፊቴ ይለበልበኝ ጀመር። ከጥቂት ቀን በኋላ የሎሚው ውኃ በወረደበት በኩል ጉንጬ ላይ ጥቁር ምልክት ወጣ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

ኮምቦልቻ አንዲት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ልትቆጣኝ ጀምራ ሳቋ አመለጣት። ቫይታሚን ሲ ለቆዳ ጥሩ መሆኑ ውሸት አይደለም አለችኝ፤ ቆዳ እንዳይላላ ያግዛል፣ ፀሐይ የሚያደርሰውን ጉዳት ይቀንሳል፣ ጥቁረትንም ቀስ በቀስ ያደበዝዛል። የሎሚ ጭማቂ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ግን ያቃጥላል። «ብርቱካንና ዘይቱን ብይ። ለፊትሽ ደግሞ ተመጥኖ የተሠራ አለ» ብላ ሴረም የሚሉትን የቫይታሚን ሲ ፈሳሽ አዘዘችልኝ። ብርሃን ስለሚያበላሸው ጥቁር ብልቃጥ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ጥቂት ጠብታ፣ ከላዩ የፀሐይ መከላከያ። ሁሉም ደህና፤ «ምልክቱ እስኪጠፋ ወራት ይፈጃል» ስትለኝ ግን ልቤ ስንጥቅ አለ።

ቤት እንደደረስኩ ሎሚ የሚባል ነገር ደጃፋችንን እንዳይረግጥ አወጅኩ። ያሳደገችኝ አክስቴ ዘይነባ ናት። ብልቃጡን አይታ «ምንድን ነው ደሞ ይኼ?» ብትለኝ፣ ለማስረዳትም ሰልችቶኝ «ሎሚ ውስጥ ያለው ነገር ነው» አልኳት። በዚሁ አለፈ።

ከዚያ ከሰው ተደበቅኩ፤ ከሁሉም በላይ ከከድር። ሱቅ ሲመጣ መጋዘን እገባለሁ። በቪዲዮ ሲደውል አላነሳም። ጉንፋን ነው፣ ራስ ምታት ነው፣ ሥራ በዝቶ ነው፤ ያልዋሸሁት ውሸት የለም። በመጨረሻ እሱም መደወሉን ተወ። አኮረፈ ብዬ አለቀስኩ፤ ያም ሆኖ በዚያ ፊት እንዲያየኝ አልፈለግኩም።

የሂናው ቀን ደረሰ። ቤቱ በሴት ሞላ፤ ድቤ ይመታል፣ ይዘፈናል። የከድር እናት እትዬ ፋጡማም መጡ። ሌላ ጊዜ እሳቸው ካሉ ሳቅ አይጠፋም፤ ያን ቀን ግን ሰላምታቸው እንኳ ቀዝቃዛ ነበር። ጥግ ይዘው ተቀመጡ። እኔ ሻርፔን እስከ ዓይኔ ድረስ ተሸፋፍኜ መሬት መሬት አያለሁ።

አክስቴ ሂናውን ልታቦካ ሎሚ ፈለገች። ሂና ያለ ሎሚ መቼ ደህና አድርጎ ይይዛል! ሎሚ ደግሞ በእኔ አዋጅ የለም። ቀና ስል ብልቃጤን ሳህኑ ላይ ዘቅዝቃዋለች።

«አክስቴ! የፊቴ ነው! የፊቴ!» ብዬ ዘለልኩ። ሻርፔ ወለሉ ላይ ቀረ።

«ምን ያስጮህሻል? ሎሚ ውስጥ ያለው ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?» አለች፣ የመጨረሻዋን ጠብታ እያራገፈች።

ድቤው ቆመ። ሴቱ ሁሉ ፊቴ ላይ አፈጠጠ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። እትዬ ፋጡማ ተነሥተው መጡና አገጬን ያዝ አደረጉኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ማል ታቴ? ልጄ፣ ምን ሆንሽብኝ?»

እያለቀስኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ስልኩን፣ ሎሚውን፣ ፀሐዩን። «ለከድር ላምርለት ብዬ ነው» አልኳቸው።

«ለከድር? ወላሂ በይ!»

«ወላሂ!»

እዚያው ወለሉ ላይ ዘፍ አሉ። ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«አልሐምዱሊላህ! ልጄ እኮ ‹ጠልታኛለች፤ በግድ ነው የሚድሯት። ሄደሽ ጠይቂያት፤ ካልፈለገች ሰርጉ ይቅር› ብሎ ነው የላከኝ። እኔ እንዴት ብዬ እንደምጠይቅሽ ጨንቆኝ ነው የተቀመጥኩት!»

አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ፊቴን ስደብቅ ከድር ልቤን የደበቅኩበት እንደሚመስለው ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም ነበር። እትዬ ፋጡማ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉለት።

«አንተ ከድር! ማን ጠላህ? ላምርለት ብላ ፊቷን በሎሚ ጠብሳ ነው የተደበቀችህ!»

ሳቁ ከስልኩ ፈንድቶ ወጣ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሂናውም ደህና አድርጎ ያዘ፤ አክስቴ እስካሁን «ያን ዕለት የመጣ ሴት ሁሉ መዳፉ አማረ» እያለች ትቀልድብኛለች።

ፊቴን ሳልሸፍን ተዳርኩ። ሌላ ብልቃጥ ገዛሁ፤ ብርቱካኑንም አልተውኩ፣ ከፀሐይም ተጠነቀቅኩ። ሐኪሟ እንዳለችው ከወራት በኋላ ምልክቱ ጠፋ።

የሰርጋችን ፎቶ ላይ ግን አለ። ፎቶ አንሺው «በኮምፒውተር ላጥፋው?» ሲለን ከድር በጄ አላለም። እንደነበረ ሳሎን ሰቀልነው። እንግዳ አይቶ «ምንድን ነው ጉንጯ ላይ?» ሲል ከእኔ ቀድሞ የሚመልሰው እሱ ነው።

«እንደምትወደኝ ያወቅኩበት ነው» ይላል።

ያን ስሰማ፣ እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ቀን አምሬ የማውቅ አይመስለኝም።