ቲቸር ሰይድና የስደተኞቹ ትምህርት

ባለፈው ወር ልጄን ላስመዘግብ በከተማችን ሲቀላ ሰፈር ወዳለ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ጸሐፊዋ እስክትመጣ ባዶ ክፍል ውስጥ ጠብቂ አሉኝ። መስኮቱ ደፍ ላይ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ተቀምጧል፤ ውስጡ ውሃ የጠጣ ጠመኔ አለ። ሽታው ዝናብ የነካው የኖራ ግድግዳ ይመስላል። ማንም ሳያየኝ ፊቴ በኀፍረት ጋለ።

ቲቸር ሰይድ ጠመኔ የሚነክር አስተማሪ ነበር። ሲነከር ቀለሙ ይደምቃል፣ ብናኙም አያስልም ይለን ነበር። ከወሎ የመጣ ረጅም፣ ቀጭን፣ በአንድ ጉልበቱ ትንሽ የሚያነክስ ሰው ነው። ዘጠነኛ ክፍል ታሪክ ያስተማረን እሱ ነው። አስፋልቱ በሙቀት ሲለሰልስ እንኳ ቡናማ ኮቱን አያወልቅም። ኪሱ ውስጥ ነጭ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ጠመኔ ስለሚይዝ ኮቱ በሦስቱም ቀለም ተዥጎርጉሮ ነበር።

የአይሁድ እምነት፣ ክርስትናና እስልምና በመካከለኛው ዘመን እንዴት እንደተስፋፉ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በካርታ ሞላው። ሰማያዊው መስመር የብራና ጥቅላቸውን ይዘው በየአገሩ የተበተኑት አይሁድ ናቸው፤ ወደ የመን ይወርዳል። ነጩ ከግብጽና ከሶርያ ይነሳል፤ ከመነኮሳት ጋር አክሱም ገብቶ ወደ ላስታ ይዘልቃል። አረንጓዴው ከመካ ወጥቶ ዘይላ ይደርስና በነጋዴ ግመል ወደ ይፋት ይወጣል። መስመሮቹ ብዙ ቦታ ላይ ይቆራረጡ ነበር።

«እዩ» ይለን ነበር መገናኛውን በጣቱ እየነካ፣ «እዚህ ገበያ ላይ ሦስቱም ጨው ተገዛዝተዋል። ተዋግተዋልም፤ አልደብቃችሁም። ግን ከተዋጉበት ቀን ጨው የተገዛዙበት ቀን ይበዛል።»

አንድ ቀን ድራማ አሠራን። ወንበሩን ዙፋን አድርጎ አንዷን ልጅ የአክሱም ንጉሥ ብሎ አስቀመጣት። እኔ ደግሞ ከመካ ሸሽተው ባሕር የተሻገሩትን የመጀመሪያዎቹን ሙስሊሞች ወክዬ ጥገኝነት እንድጠይቅ አደረገኝ። ተንበረከክሁና «ንጉሥ ሆይ፣ በእምነታችን አሳደዱን፤ በአላህ ስም አስጠጋን» አልሁ። ልጅቷ ድምጿን አወፍራ «ግቡ! በአገሬ ማንም አይነካችሁም» ስትለኝ ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። በዚያ ዓመት እንደዚያ ቀን የተደሰትሁበት ጊዜ አልነበረም።

ፈተናው ሲመጣ ግን አላጠናሁም። የመዝሙር ልምምድ እያልሁ ሰንብቼ ከመቶ ሠላሳ ስምንት አገኘሁ። አባዬ ከጨንቻ የወረደ ሸማኔ ነው። በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ በሰፈሩም ቃሉ የሚሰማ ሰው ነበር። ወረቀቱን አየና መወርወሪያውን አስቀመጠ።

«ምን ሆነሽ ነው፣ አስቴር?» አለኝ።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አዝኖ ሲያየኝ አልቻልሁም።

«ቲቸር ሙስሊም ሁኑ ይለናል። እኔንም በአላህ ስም አስለመነኝ። እምቢ ስለው ጣለኝ።»

በማግስቱ አባዬ ሦስት ወላጆች አስከትሎ ትምህርት ቤት መጣ። ቢሮ አስጠሩኝ። ቲቸር ሰይድ መደርደሪያው አጠገብ ቆሟል፤ እጁ ጠመኔ በጠመኔ ነው።

«ሙስሊም ሁኚ ብሎሻል?» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ።

አባዬን አየሁት። ከዚያ አዎ በሚል ራሴን ነቀነቅሁ።

ቲቸር ሰይድ ድራማ ነበር ብሎ የክፍሉን ልጆች በሙሉ ማስጠራት ይችል ነበር። እንደዚያ ቢያደርግ ውሸታምነቴ በጓደኞቼ ፊት ይወጣ ነበር። እሱ ግን አየኝና «ልጅቷን አታስጨንቋት፤ ክፍሏ ትግባ። የሚጠየቅ ነገር ካለ እኔን ጠይቁኝ» አለ።

ሳምንት ሳይሞላ ተራራው ላይ ወዳለው ኦቾሎ መንደር አዛወሩት። ሚስቱ እትዬ ዘይነባና ልጆቹ ሲቀላ ቀሩ። በዚያ በሚያነክሰው ጉልበቱ አርብ አርብ ሸንተረሩን በእግሩ ይወርዳል፤ እሑድ ተመልሶ ይወጣል። የተተካው አስተማሪ ምዕራፉን ዘለለው። ካርታውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የዚያ ሳምንት ተረኛ ስለነበርሁ። የነከረው ጠመኔ በቀላሉ አልለቅ ብሎኝ ሁለት ጊዜ በውሃ አጠብሁት።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ከስቷል። «ስንተኛ ደረስሽ?» አለኝ። ነገርሁት። «ጎበዝ!» አለኝ ከልቡ ደስ ብሎት። እኔ ፊቴን ወደ አባያ ሐይቅ አዙሬ እስክንወርድ ድረስ ውሃውን ሳይ ቆየሁ። ይቅርታ ለማለት አንድ ሰዓት ሙሉ ነበረኝ። ከዚያ በኋላ አላገኘሁትም፤ ኮሌጅ እያለሁ ታሞ ሞተ።

ከምዝገባው ስመለስ በቀጥታ አባዬ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርሁት። አሁን ሽበት የወረሰው ሽማግሌ ነው። ወደ ግቢው ወጣና በሁለት እጁ እርጥብ ሣር ነጨ። በጋሞ ይቅርታ የሚለምን ሰው ሣር ይዞ ነው የሚሄደው።

«ተነሺ» አለኝ። «አንቺ ልጅ ነበርሽ። እኔ ግን ሰውየውን አንዲት ቃል ሳልጠይቀው ነው የከሰስሁት።»

እትዬ ዘይነባ በሯን ስትከፍት አባዬ ሣሩን ይዞ ተንበረከከ። እኔም አጠገቡ።

«ኧረ አባባ፣ ይነሱ! ምን ተደርጎ ነው?»

አንገቴን ደፍቼ ተናገርሁ። ስጨርስ የበሩን መቃን ተደግፋ ቆማ ነበር።

«አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ስንት ጊዜ ለመንሁት፤ የማን ልጅ ናት ብዬ። ‹ልጅ ናት፣ ገና እዚህ ከተማ ልትኖር ነው፤ ስሟ ምን ያደርግልሻል› እንዳለኝ ነው የሞተው።»

ሣሩን ከአባዬ እጅ ተቀበለችው፤ ብብቱን ይዛ አነሳችውና ዱካ አቀረበችለት። እኔን ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም።

እትዬ ዘይነባ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ይህን ሁሉ ዓመት ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የምገዛው ከሷ ነው። ስታየኝ ከሩቅ ፈገግ ትል ነበር፤ ምራቂ ሳትጨምርልኝ ቀርታ አታውቅም። በዚያ ገበያ ቀና ብዬ የሄድሁት ቲቸር ሰይድ ለገዛ ሚስቱ እንኳ ስሜን ስላልነገራት ነበር። ያንን የተወልኝን ከለላ እኔው በአፌ አፈረስሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ መሄድ አልፈለግሁም። ግን ሄድሁ። ቀና ብላ አየችኝና ምን ልስጥሽ አለችኝ። ጥቁር አዝሙዱን ሰፈረችልኝ። ፈገግ አላለችም። ሰፈረችልኝ ግን።