በአርባኛው ሰከንድ ላይ የተሰማው ሰዓት

ካውያ ይሉታል፤ ሥራውም እሱው ነው። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ፣ የሐኪም ጋዋንና የበሽተኛ ፒጃማ ሲተኩስ ጎልምሷል። ከእጁ የወጣ አንሶላ ሲታጠፍ ጠርዝ ከጠርዝ ንቅንቅ አይልም። ይህን ራሱም ያውቀዋል፤ ስለዚህ በሥራው ማንም እንዲናገረው አይፈልግም። የሚናገረውም የለም።

ቅጽል ስሙን ያወጡለት ግን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አይደሉም፤ በስልክ ብቻ የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ካውያ ጊታር ይጫወታል። የሚጫወተውም ብሉዝ ነው፤ ያንን ሦስት ኮርድ ይዞ፣ ባር የሚሉት የምት ክፍል አሥራ ሁለት ተቆጥሮለት፣ እንደገና ከአንድ የሚጀምረውን፣ ቀላል መስሎ ሰውን ዕድሜ ልኩን የሚያስቀምጠውን ሙዚቃ። ነፍሷን ይማርና ሚስቱ፣ "ያንን ዘፈን ዛሬም አልጨረስከውም?" እያለች ትስቅበት ነበር።

እንደሱ እቤታቸው ተቀምጠው ብሉዝ የሚለማመዱ ሰዎች በስልክ አንድ ግሩፕ አላቸው። ልምምዳቸውን እየቀዱ ይለጥፋሉ፣ አስተያየት ይቀባበላሉ። ደንቡ ቀልድ አያውቅም። የራሱን ቅጂ የሚልክ ሰው አስቀድሞ የሁለት ሰው ሰምቶ አስተያየት መስጠት አለበት። "ቆንጆ ነው፣ በርታ" ብሎ ማለፍ የለም፤ ስንተኛው ሰከንድ ላይ ምን እንደሰማ ይናገራል። ቅጂውም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ነው፤ የተሳሳቱትን ቆርጦ መቀጠል ክልክል ነው።

ከነዚህ ሰዎች ውስጥ እዚያው ከተማ የሚኖሩት ጥቂቶቹ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአንድ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ተገናኝተው አብረው ይጫወታሉ። ሁለተኛው ጊታር ተጫዋች ሥራ ቀይሮ ሌላ ከተማ ሲሄድ ቦታው ክፍት ሆነ። "የሚፈልግ ሦስት ዙር ቀድቶ ይላክ፤ ደህና የተጫወተው እሁድ መጥቶ ይሞከራል" ተባለ።

ካውያ ይህን ሲያነብ ልቡ ዘለለች። ጊታር ከያዘ ስንት ዘመኑ፣ ከሰው ጋር ግን አንድ ቀን እንኳ ተጫውቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ብቻውን ነው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ከበሮ ከኋላ ሲነዳው፣ ቤዝ ጊታር ከሥር ሲይዘው ምን እንደሚመስል በሐሳቡ እንጂ በጆሮው አያውቀውም።

"ይቺ ቦታ የእኔ ናት" አላት ለልጁ።

የሚኖረው ከሴት ልጁና ከስምንት ወሯ የልጅ ልጁ ጋር ነው። ልጁ ሕፃኗን አስተኝታ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ በጣቶቿ እየተራመደች ነበር።

"ያንተ ናት አባዬ። ብቻ ቀስ ብለህ ውሰዳት፤ አሁን ነው የተኛችው።"

ሕፃኗ ከተወለደች ወዲህ የዚህ ቤት ትልቁ ሕግ "ቀስ" ነው። በር ቀስ፣ ድስት ቀስ፣ ሳል እንኳ ቀስ። ካውያ ከሥራ ሲገባ የከሰዓት እንቅልፏን ይዛ ያገኛታል። ስለዚህ ወጥ ቤት ገብቶ ያቺን ቀጭን በር ይዘጋል፣ ስልኩን የስኳር ጣሳ ያስደግፋል፣ ጊታሩን አንድ ስንዝር ያህል አስጠግቶ ይቀዳል።

ሰኞ ዕለት ሦስቱን ዙር አንድም ሳይስት ጨረሰ። መልሶ ሲሰማው ለራሱ ገረመው። ድምፁ ሞልቷል፣ ወፍሯል፣ ክሩ ሲገፋ ደግሞ ሰው የሚያለቅስ ይመስላል። የሁለት ሰዎችን ቅጂ ሰምቶ የሚለውን አለና የራሱን ላከ።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ጊታር ነው ወይስ ፒያኖ?" አለ አንዱ።

የእሁዱን ከበሮ የሚመታው ጎሚስታ ነው፤ ቀን ቀን መንገድ ዳር የመኪና ጎማ ይለጥፋል። እሱም "ወንበርህን እየጠረግኩልህ ነው" ብሎ ጻፈ። ካውያ ስልኩን እያየ ብቻውን ፈገግ አለ።

ከዚያ በግሩፑ እትዬ ሰከንድ የሚባሉት መጡ። እኚህ ሴት ከሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ክፍል በጡረታ የወጡ ናቸው። ጊታሩን እምብዛም አይነኩትም፤ ጆሯቸው ግን ያስፈራል። አይጽፉም፣ በድምፅ ነው የሚልኩት።

"ካውያ፣ እንደምን ዋልክ። ጣቶችህ ጥሩ ናቸው፣ ኮርዱም ቦታው ላይ ነው። ግን አርባኛው ሰከንድ ላይ የግድግዳ ሰዓት ይሰማኛል። አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ላይ ቧንቧ ይንጠባጠባል። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ደግሞ አንድ ሕፃን፣ ያሳድግልህ፣ ሲያንኮራፋ ሰማሁ። ስልክ ድምፅ ሲያንስበት ራሱ ከፍ ያደርገዋል፤ ጊታሩን ከፍ ሲያደርግ አብሮ ሰዓቱንም ሕፃኑንም ከፍ አደረገ። የሞላው ስልኩ እንጂ እጅህ አይደለም ልጄ። እሁድ እኛ ዘንድ ደግሞ ለጊታር ማይክ የሚባል ነገር የለም። ጎሚስታው አንዴ ሲመታ ትጠፋለህ። እንደምንም አስብበት።"

ካውያ ሁለቴ ሰማውና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

"ሰዓት! እኔ ሙዚቃ ልኬ ሴትዮዋ ሰዓት ያዳምጣሉ!"

ልጁ ስልኩን አንስታ ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ጥቂት እንዳዳመጠች አፏን በእጇ ያዘች።

"አባዬ፣ ልጄ እኮ ናት! በሞቴ ስማት፣ ይቺ የራሷ ናት!"

"እኔን ስሚ ነው እንጂ እሷን ስሚ ማን አለሽ?"

"አንተን ሁልጊዜ እሰማህ የለ።" ከዚያ ትንሽ አሰበችና፣ "እሰማሃለሁ እንዴ? ቆይ፣ ነገ እንሞክረዋለን" አለች።

ማክሰኞ ሕፃኗ ነቅታ በነበረበት ሰዓት ልጁ አቀፈቻትና የግቢው በር አጠገብ ሄዳ ቆመች። የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ። ከሱ እስከ እሷ ያለው ርቀት ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ካውያ ጊታሩን አስተካክሎ ይዞ፣ ልክ እንደለመደው ጀመረ። የመጀመሪያውን ዙር ጨርሶ ሁለተኛውን እያጋመሰ ሳለ ልጁ ከወዲያ ጮኸች።

"አባዬ! ጀምር እንጂ፣ ፀሐዩ በላን እኮ!"

እጁ ክሩ ላይ ቀረ።

አልተቆጣም። ልጁ ስትመጣ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ቀኝ እጁን ሲያገላብጥ አገኘችው። ስምንት ወር ሙሉ ሕፃን ላለመቀስቀስ ሲል እጁ እያነሰች እያነሰች ሄዳ ነበር፤ ስልኩ ደግሞ በየቀኑ "አድገሃል" ይለዋል። እሱም አምኖት ነበር።

"ከፋህ?" አለችው።

"ለምን ይከፋኛል? እድፉ የት እንዳለ ከታወቀ ይለቃል። እስከ እሁድ አምስት ቀን አለኝ። የሚጮህበት ቦታ ነው የሚያስፈልገኝ።"

የሚጮህበትን ቦታ ለመፈለግ ብዙ አልደከመም። ረቡዕ ጠዋት ጊታሩን አንግቶ ሥራ ገባ። በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ሲወጡ፣ ትልቁ ማጠቢያ ማሽን ልብስ እየጨመቀ ወለሉን ሲያንቀጠቅጥ፣ እሱ የቆሻሻ ልብስ ጋሪውን ገፋ አድርጎ ወንበር ሳበ። ማሽኑን የምትይዘው ሴት በር ላይ ቆማ አየችው።

"ጋሼ፣ ላጥፋልዎት እንዴ?"

"ተይው! እሱን ብዬ እኮ ነው ያመጣሁት።"

"ከማሽን ጋር ሊዘፍኑ?"

"ከማሽን ጋር ልጣላ ነው።"

የመጀመሪያው ቀን ማሽኑ አሸነፈ። ካውያ በኃይል ሲመታ ክሩ እንጨቱ ላይ እየተላተመ ይንጫጫል፤ ሲብስበት ቀጭኑ ክር ተበጠሰና ጉንጩን ገረፈው። የከፋው ደግሞ ሌላ ነው፤ ጉልበት በጨመረ ቁጥር ይቸኩላል፤ አሥራ ሁለቱ ባር አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ይሮጣል። ሴትዮዋ በሩ ላይ ሆና ምሳዋን እየበላች፣ "ጋሼ፣ እሱ ገና ሲጨምቅ እርስዎ አድርቀው ጨረሱ እኮ!" አለችው።

ሐሙስ ጠዋት ጋዋን ሲተኩስ ዓይኑ የገዛ እጁ ላይ አረፈ። ጀማሪ ተኳሽ ካውያውን ይጫናል፤ ስለዚህ ቶሎ ይደክመዋል፣ ልብሱም ይጨማደዳል። እሱ ግን አይጫንም። ክንዱን ከትከሻው ልቅቅ አድርጎ የብረቱን ክብደት ለብረቱ ይተውለታል፤ እጁ መንገድ ማሳየት ብቻ ነው። አዲስ ለሚቀጠር ሁሉ ይህንኑ ሲያስተምር ስንት ዓመቱ ነው! ጊታሩ ላይ ግን ለካ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ኖሯል፤ ትናንት ደግሞ በነዚያው ጣቶች ሲታገል ዋለ።

በምሳ ሰዓት ክንዱን ከክርኑ ለቀቀው። ወደ ክሮቹ ጣለው እንጂ አልመታቸውም። ድምፁ ከጊታሩ ሆድ ወጥቶ የብረት መደርደሪያውን አልፎ ሄደ። ሴትዮዋ ማንኪያዋን አፏ አጠገብ እንደያዘች ቀረች።

"እንዴ!" አለች።

ዓርብ ስልኩን ክፍሉ ማዶ፣ ልብስ የሚታጠፍበት ረጅም ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አስቀምጦ ሦስቱን ዙር ቀዳ። መልሶ ሲሰማው የሰኞው በስንት ጣዕሙ! ማሽኑ ይጮሃል፣ ጋሪ ይንኳኳል፣ የሆነ ሰው በሩን ይዘጋል። ቢሆንም ላከው።

"ፒያኖው ወፍጮ ቤት ገባ እንዴ?" አለ ያው ሰውዬ።

"ካውያ፣ ሰኞ ማን ነበር የተጫወተልህ?" አለ ሌላው።

ካውያ የእትዬ ሰከንድን ድምፅ ነበር የሚጠብቀው። ወደ ማታ ግድም መጣ።

"አምስተኛው ሰከንድ ላይ ትልቅ ማሽን ይሰማኛል። ጊታሩ ግን ከማሽኑ ፊት ነው የቆመው። ሃምሳ ሦስተኛው ላይ፣ ዘጠነኛው ባር ስትደርስ ትቸኩላለህ፤ የሚያባርርህ የለም። እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እንዳታረፍድ።"

እሁድ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ ደረሰ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ያረጀ ምንጣፍ፣ አምስት የፕላስቲክ ወንበር፣ ጥግ ላይ ከበሮው። ጎሚስታው እጁን አሥር ጊዜ ታጥቦም ጥፍሮቹ ሥር ጥቁር ነው። ቤዝ የሚጫወተው የሒሳብ አስተማሪ በአክብሮት ተነስቶ ጨበጠው፤ ዋናው ጊታር ተጫዋች በጭንቅላቱ ሰላም አለው። እትዬ ሰከንድ በሩ አጠገብ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ልክ ዶክተር እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጠዋል። ካሰባቸው ያንሳሉ፤ ድምፃቸው ነው ለካ የሚያገዝፋቸው።

ጎሚስታው አራት ቆጠረና ገቡ።

ከበሮው ከኋላው ሲነሳ ካውያ ደነገጠ። ማሽን እኮ ሰው አያዳምጥም፤ እነዚህ ግን ያዳምጡታል። እጁ ሳያስበው ወደ ጣቶቹ ጫፍ ተመለሰች። አራት ባር፣ ስድስት ባር፤ እሱም ራሱን አልሰማም። ጎሚስታው ዱላውን አነሳና ሁሉም ቆሙ።

"ካውያ፣ መጥተሃል ወይስ አሁንም በስልክ ነህ?"

ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ትከሻው ወረደ።

"መጥቻለሁ። አንዴ ድገሙልኝ።"

"ሺህ ጊዜም እንደግማለን፣ እሁድ ነው።"

እንደገና አራት ተቆጠረ። ካውያ ክንዱን ለቀቀው። የጊታሩ ድምፅ ከከበሮው በታች ገብቶ ከቤዙ ጋር ሲገናኝ አንድ ነገር ከሥሩ የያዘው መሰለው፤ ቢደገፍበትም የማይወድቅ። ዘጠነኛው ባር ሲመጣ እግሮቹ ሊሮጡ ዳዳቸው። ቤዙን አዳመጠ፤ አስተማሪው ምንም አልቸኮለም፤ እሱም ከሱ ጋር ቆየ። አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፤ ተመለሱ። ሦስት ዙር ነበር የተባለው፤ ሰባተኛው ላይ ጎሚስታው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚመታው።

ሲያቆሙ ካውያ ጊታሩን ጭኑ ላይ አድርጎ እትዬ ሰከንድን አያቸው። እሳቸው ግን ከቦርሳቸው መሐረብ አውጥተው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ዋናው ጊታር ተጫዋች ወንበሩን ወደሱ ጎተተ።

"ሁለተኛው ዘፈን እንዲህ ነው። ከአምስተኛው ባር ላይ ይቀየራል፣ እጄን እየው።"

ካውያ እጁን አየለት። ኮርዱን ያዘ፣ አንድ ጊዜ ሞከረው፣ ተስተካከለለት። ጎሚስታው ዱላዎቹን አነሳ።

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ካውያ። "መጀመሪያ ንገሩኝ። እንዴት ነበር? ገብቻለሁ ወይስ አልገባሁም?"

አስተማሪው ጎሚስታውን አየ፤ ጎሚስታው እትዬ ሰከንድን።

"ሰውዬው አስተያየት እየጠበቀ ነው!" አለ ጎሚስታው።

"ይጠብቃ" አሉ እትዬ ሰከንድ መነጽራቸውን እያደረጉ። "የምነቅፈው ሲጠፋኝ አይደል ዝም የምለው? በል ቁጠር አንተ፣ ሰዓት አትግደል።"

ጎሚስታው አራት ቆጠረ፤ ካውያም ከሁሉ እኩል ገባ።