ያልታመመ መንጋጋ

ልጄ ኒካ ከማሰሯ በፊት የመጨረሻ መንጋጋዎቿ በሙሉ ይነቀሉ ብላ የወሰነችው የባሌ ታላቅ እህት ናት። «ሙሽራ ከነበሽታዋ ሰው ቤት አትገባም» አለችው ባሌን። እሱም እንደ ልማዱ እሺ አላት።

ልጄ ግን ምኗንም አላመማትም። አየር ጤና፣ ከጎማ መሸጫው በላይ ያለው የጥርስ ክሊኒክ ወስጄ ራጅ አስነሳኋት። ሐኪሟ የላይኞቹ ቀጥ ብለው እንደበቀሉ፣ የታችኛው ቀኝ ግን እንደተጋደመና ሥሩ ከንፈር እንዲሰማው የሚያደርገውን ነርቭ እንደተጠጋ አሳየችን። «ካላበጠና አጠገቡ ያለውን ጥርስ ካልጎዳ አንነካውም። እየመጣች እናየዋለን» አለች።

የባሌ እህት ይህን ስትሰማ፣ «ሐኪም ማመላለስ ይወዳል» ብላ ሌላ ቦታ ቀጠሮ ያዘችላት። ልጄ አክስቷን ስለምትፈራ እሺ አለች።

እኔም እፈራት ነበር። ለወንድሟ ስታጨኝ አፌን እንደ ገበያ በግ ከፍታ ያየች ሴት ናት። «አርግዘሽ ጥርሴን ብትዪ ማን ያስታምምሻል?» ብላ፣ አንድ ቀን እንኳ አሞኝ የማያውቀውን መንጋጋዬን አስነቀለችኝ። ያኔ የያዘኝ ድንዛዜ የታችኛውን ከንፈሬን ቀኝ ጎን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ሻይ ሲንጠባጠብብኝ አይታወቀኝም። በየድግሱ «እሷ እኮ አበላል አታውቅም» እያለች ሴቶቹን የምታስቅብኝም እሷው ናት። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም። የሰው ከንፈር መጠጣ አልወድም።

በቀጠሮው ጠዋት ልጄን ልትወስድ መጣች።

«እትዬ፣ አይነቀልም» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ሐኪም ሆንሽ?»

«እርስዎ ከሆኑ ወዲህ።»

ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ከንፈሬን በጥፍሬ ቆነጠጥኩት።

«ይኸው፣ አይሰማኝም። ያኔ እርስዎ ያስነቀሉኝ ነው።»

ዓይኗን ወደ ከንፈሬ ጣለች። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች፣ ጥፋቱ የእኔ ይመስል።

«ብነግርዎ ለሴቶቹ ሌላ መሳቂያ ይሆን ነበር።»

ልጄ ለመውጣት የለበሰችውን ጃኬት አወለቀች። «አክስቴ፣ አልሄድም» አለች ቀስ ብላ።

የባሌ እህት ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች። ይቅርታ አላለችም። እስከዚያ ቀን ድረስ ፌርማታ የምሸኛት እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ከወንበሬ አልተነሳሁም።